መሸኛ የመጨረሻው ወረቀት ነው

(ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ፣ ከሌላ ቦታ መጥተው አዲስ ሥራ ለጀመሩ ሰዎች ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ሰዓት፣ ስለ ወረቀት ለመስማት መምጣታችሁ ጉዳዩ ምን ያህል እንዳማረራችሁ ያሳያል። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ። ማራገቢያው እዚህ ጋ ይሻላል።

እኔ ብዙ ዘመኔን የሠራሁት በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው። ሰው ሲቀጠርም ሲለቅም ፋይሉ በእጄ ያልፋል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከጅግጅጋ የመጣ፣ ከአዳማ ቤተሰቡን ጠቅልሎ የመጣ፣ ከሐረር በየቀኑ የሚመላለስ። ኢንዱስትሪ ፓርኩና ነፃ የንግድ ቀጣናው ከተከፈቱ ወዲህ ደግሞ ድሬ ላይ አዲስ ፊት አይጠፋም። ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "እዚህ ምን ምን ላሟላ?"

እዚህ የምታሟሉት ትንሽ ነው። ራስ የሚያዞረው ወረቀት ያለው ከለቀቃችሁበት ነው። እዚያ ሳላችሁ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ፣ እዚህ ከገባችሁ በኋላ አለቃ ማስፈቀድ፣ አውቶቡስ መሳፈር፣ ዘመድ ቤት ማደር፣ በመጨረሻም "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብሎ መመለስ ይሆናል። የድሮው መሥሪያ ቤት ገና ሳትለቁ ይፈልጋችኋል። ሥራ ታስረክባላችሁ፣ ቁልፍ ትመልሳላችሁ፣ ለሚተካችሁ ሰው ታሳያላችሁ። ከወጣችሁ ከወር በኋላ ግን ስልክ የሚያነሳላችሁም አይኖር። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ቅደም ተከተል ነው። ምን መጀመሪያ፣ ምን መጨረሻ። መጨረሻው መሸኛ ነው፤ ቀበሌ ለሚለቅ ነዋሪ የሚጽፈው ደብዳቤ።

ከመልቀቂያው ልጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ነው። ለአለቃ ቡና ላይ "ልለቅ ነው" ማለት አይቆጠርም። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ። ሁለተኛው ላይ የገባበትን ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አስደርጉና እናንተ ጋ ይቅር። ይቺ ኮፒ የሌለችው ሰው "ሥራ ጥሎ ጠፋ" ተብሎ ሲጻፍበት የሚያሳየው ነገር የለውም። ምክንያት አትዘርዝሩ። ቅሬታችሁን መልቀቂያ ላይ ጽፋችሁ የምታተርፉት ነገር የለም፤ የሥራ ልምድ የሚፈርምላችሁ ያው አለቃችሁ ነው።

ቀጥሎ ክሊራንስ ነው። ቅጹን ታውቁታላችሁ። ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ ቁጠባና ብድር ማኅበር፣ አንዳንዱ ጋ ቤተ መጻሕፍትና ጥበቃ ሳይቀር ይፈርማል። ማንም መጀመሪያ መፈረም አይፈልግም። ሁሉም ከላይ ያለው ቦታ ባዶ መሆኑን ያይና "እነሱ ይፈርሙና ና" ይላል። የእኔ ምክር ከንብረት ክፍል ጀምሩ ነው። ሌላው ሁሉ የሚፈራው ንብረትን ነው። ስቶር ኪፐሩ ከፈረመ የቀረው ሰው እጁ ይፈታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆነ፣ ንብረቱን ስትረከቡ በሞዴል 22 ፈርማችኋል። ስትመልሱ የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ይቆረጥላችሁ። "እዚያ ጋ አስቀምጠው፣ አውቅሃለሁ" የሚለውን መልካም ሰው አመስግኑና ሞዴል 19 ጠይቁት። መልካሙ ሰውዬ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ይዛወራል። ላፕቶፑ ግን በስማችሁ ተጽፎ ይኖራል።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ። አዋጁ የሥራ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ባሉ 7 የሥራ ቀናት ውስጥ ደመወዝና ተያያዥ ክፍያዎች ይከፈሉ ይላል። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ግን ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የሚመልሰውን ንብረት ወይም ሒሳብ ካዘገየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ክሊራንሱን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ ሊያስከፍለው የሚችል ድንጋጌም አለ። ክርክር ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ የመጠየቂያ ጊዜው 6 ወር መሆኑን አትርሱ። ዛሬ ነገ እያሉ ያሳለፉት ብዙ ናቸው።

አሁን ማንም የማያነሳውን ነገር ላንሳ። ዋሳችሁ። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ጠባቂ ሆናችሁ ስትቀጠሩ፣ ባንክ ስትገቡ፣ ዋስ አምጡ ተብላችኋል። አንድ ወዳጃችሁ ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ አጽፎ ዋስ ሆኗችኋል። እናንተ ሥራ ለቃችሁ ድሬ ገባችሁ። እሱ ግን አልወረደም። የእሱ ፋይል ውስጥ አሁንም የእናንተ ዋስ ነው። ለወንድሙ ዋስ ልሁን ሲል "አንድ ሰው ላይ ገብተሃል" ይሉታል። ሊለቅ ሲል ክሊራንሱ ላይ ይመጣበታል። ስለዚህ ስትለቁ "ዋስትናው ተነሥቷል" የሚል ደብዳቤ ለወዳጃችሁ መሥሪያ ቤት እንዲጻፍ ጠይቁ። ግልባጩን ለእሱ ስጡት። ይህን ያላደረገ ሰው እዚህ መጥቶ አዲስ ዋስ ሲፈልግ ማን ያምነዋል? ድሬ ላይ ዘመድ ለሌለው ሰው ዋስ ማግኘት ከሥራው ፈተና ይበልጣል።

የሥራ ልምድ ላይ ትንሽ እንቆይ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ማኅተም ካረፈበት ጨርሻለሁ ይላል፤ ውስጡን አያነብም።

በሕጉ መሠረት አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጠዋል። "በጠየቀ ጊዜ" የሚለውን ልብ በሉ። ለመልቀቅ መጠበቅ የለባችሁም። በነፃ የሚለውንም እንዲሁ።

ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። መጀመሪያ ስማችሁን። እዚህ አካባቢ ይቺ ነገር ቀላል አይደለችም። አንዱ ጸሐፊ "መሐመድ" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው "ሙሐመድ"፣ ሦስተኛው "ሞሐመድ"። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ዲፕሎማው ላይ ሌላ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ሌላ ይሆናል። ኃይለማርያም አንድ ቦታ ተጣብቆ፣ ሌላ ቦታ ተለያይቶ፣ ሌላ ቦታ አባቱ ማርያም የሚባል ይመስል ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል። ለእናንተ ሁሉም አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። ዛሬ መነሻ አድርጋችሁ የምትይዙት ብሔራዊ መታወቂያችሁ ፋይዳ ላይ የተመዘገበውን ነው። አዲስ የሚጻፍላችሁ ወረቀት ሁሉ ከዚያ ጋር ይግጠም። ፋይዳችሁ ራሱ ተሳስቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፤ ሌላው ይከተላል።

ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን እዩ። "ከ2008 እስከ 2015 አገልግለዋል" የሚል ደብዳቤ በእጄ ገብቶ ያውቃል። በየትኛው አቆጣጠር? ደብዳቤው በአማርኛ ቢሆን ኖሮ እንደኛ ነው ብለን እናልፋለን። እሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ድርጅቱም የውጭ ነው። በእኛ ከሆነ ልጁ ሥራ የጀመረው በቅርብ ነው። በፈረንጅ ከሆነ ከመመረቁ በፊት ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ሁለቱም ቁጥር እውነት ይመስላል። አንዲት "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ብትጨመርበት ኖሮ ነገሩ አለቀ። እሷ ባለመኖሯ የደመወዝ ደረጃው ሳይወሰንለት ከረመ። የትውልድ ዘመን ላይ ሲሆን ደግሞ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ጡረታ ላይ ይመጣል። ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ያስመዘገባችሁት የልደት ዘመን ነው። በኋላ "ተሳስቶ ነው" ብሎ ማስቀየር እንደምታስቡት አይደለም።

ሦስተኛ ግብሩን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ ስታነቡ "ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት" የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ያ መስመር የብዙ ሰው ዓመታት በልቷል። ደብዳቤው ላይ ደመወዛችሁ ተጽፎ፣ ግብርና ጡረታ ሲቆረጥ እንደነበረ አብሮ ይገለጽ። ቢቻል ደግሞ ከአካባቢው የገቢዎች መሥሪያ ቤት በስማችሁ ግብር ገቢ መደረጉን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያዙ። አሁን አያስፈልገኝም የሚል አለ። ዛሬ ፋብሪካ ነህ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢሮ ልግባ ብትል ያን ጊዜ ማን ይፈልግልሃል?

ጡረታ ላይ ሰው የሚሳሳተው "ክልል ስቀይር ዜሮ ይጀምራል" ብሎ ነው። አይጀምርም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 በአገር ደረጃ የሚሠራ ነው። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። አሶሳም ሥሩ ድሬ ቁጥራችሁ ያው ነው። ከመንግሥት ወደ ግል፣ ከግል ወደ መንግሥት ብትዞሩም አገልግሎቱ ይደመራል። አደጋው ሌላ ጋ ነው። ከደመወዝ ተቆርጧል ማለት ገቢ ተደርጓል ማለት ላይሆን ይችላል። ፔሮል ላይ ቆርጦ ለጡረታ ያላስገባ ድርጅት ገጥሞኛል፤ ስሙን አልጠራም። ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት የጡረታ ቅርንጫፍ ጎራ በሉ። በስማችሁ እስከየትኛው ወር ገቢ እንደተደረገ ጠይቁ። ክፍተት ካለ እዚያ ሳላችሁ ትከራከራላችሁ። ዕድሜ 60 ሲሞላ ከ10 ዓመት ያነሰ አገልግሎት ያለው ሰው የዕድሜ ልክ አበል አያገኝም። አንዳንዱን ሰው ከመስመሩ በታች የምታስቀረው ያቺ የጠፋች አንድ ዓመት ናት።

ቲን ቁጥር ቀላል ነው። 10 አሃዝ ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ነው፣ ክልል አይለየውም። ለአዲሱ አሠሪ ሰጥታችሁ ማለፍ ነው። አንድ ነገር ግን አለ። በዚያው ቲን እዚያ ንግድ ፈቃድ አውጥታችሁ ነበር? ትንሽ ሱቅ፣ የጸጉር ቤት፣ ሁለት ባጃጅ? ዘግታችሁት መጣችሁ እንጂ ፈቃዱን አልመለሳችሁም። ፈቃዱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 መታደስ ነበረበት። አልታደሰም። ግብሩ አልተነገረም። ቅጣቱ ዝም ብሎ ይቆጥራል። ሰውየው ድሬ ላይ ደህና ሥራ ይዞ፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ጉዳይ ሊያስፈጽም ቲኑን ሲያስገቡት ቀይ ይወጣል። የማትነግዱበትን ፈቃድ መልሱ፣ የግብር ክሊራንስ ያዙ።

እድርና ዕቁብ ማኅተም ስለሌላቸው ሰው ይረሳቸዋል። ዕቁብ በልታችሁ ከሆነ ከፍላችሁ ጨርሱ፣ ወይ ሰው ተኩ። ለእድሩም በግልጽ ንገሩ። ወላጆቻችሁ እዚያው ከቀሩ ደግሞ አትውጡ፤ በወንድም እጅ ክፈሉ።

አሁን ወደ መሸኛው።

ብዙ ሰው ሊሄድ ሲል መጀመሪያ የሚሮጠው ቀበሌ ነው። መሸኛውን ይይዝና "ተገላገልኩ" ይላል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። መሸኛ ሲሰጣችሁ የነዋሪነት መታወቂያችሁን ትመልሳላችሁ፣ ከመዝገብም ትሰረዛላችሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አዲሱ ቀበሌ እስኪቀበላችሁ ድረስ የየትም ነዋሪ አይደላችሁም። ባንክ ሄዳችሁ አንድ ነገር ላስተካክል ስትሉ "መታወቂያ?" ይሏችኋል። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ለወንድሜ ውክልና ልስጥ ስትሉ "መታወቂያ?" ይሏችኋል። የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ላውጣ ስትሉም ያው ነው። ፋይዳ ከመጣ ወዲህ ይሄ ክፍተት ጠብቧል፤ ብዙ ቦታ ባለ 12 አሃዙን ቁጥር ሰጥታችሁ ትስተናገዳላችሁ። ፋይዳ ማን እንደሆናችሁ ይመሰክራል። የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆናችሁ ግን አይመሰክርም። ነዋሪነት በሚጠይቅ ጉዳይ ላይ አሁንም የሚታየው የቀበሌው ወረቀት ነው።

ስለዚህ መታወቂያ የሚጠይቀውን ጉዳይ ሁሉ ጨርሱና መሸኛውን መጨረሻ ላይ ውሰዱ። ውክልናውን ስጡ። ቤት መሸጥ፣ መኪና ማዛወር የመሰለ ጉዳይ ካለ በጠቅላላ ውክልና አይሆንም። ፍትሐ ብሔር ሕጉ እንዲህ ላለው ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ ተግባሩ በስም ይጻፍ። የልጆቹን ልደት አውጡ። ፋይዳ ያልተመዘገበ የቤተሰብ አባል ካለ አስመዝግቡ፤ ነፃ ነው። መታወቂያውን ከመመለሳችሁ በፊት ከፊትም ከጀርባም ኮፒ አድርጉት፣ በስልካችሁም አንሱት።

ታዲያ መሸኛውን ስትቀበሉ እንደ ሥራ ልምዱ እዚያው አንብቡት። ማን ማን ተጽፏል? ሚስት፣ ባል፣ ልጆች፣ አብራችሁ የምትኖር እናት። ያልተጻፈ ሰው እዚያው ይቀራል። ባል ቀድሞ መጥቶ ቤተሰቡ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የሚከተል ከሆነ፣ በአንድ መሸኛ ይሁን በሁለት አስቀድማችሁ ወስኑ። ፎቶውን እዩ። ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ማረፍ አለበት። ፎቶው ላይ ማኅተም ያላረፈበት መሸኛ ይዞ መጥቶ ከመስኮቱ የተመለሰ ሰው አይቻለሁ። የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ የፈራሚው ቲተር ይነበብ። አድራሻውንም እዩት። ድሬዳዋ ክልል አይደለችም። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የተቋቋመች፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ የከተማ አስተዳደር ናት። "ለድሬዳዋ ክልል" ተብሎ የመጣ ደብዳቤ ደግ ሠራተኛ ከገጠማችሁ ያልፋል። ካልገጠማችሁ ተመልሳችሁ ታርሙታላችሁ። ወረቀቱን ደግሞ ኪስ ውስጥ አታስከርሙት። የቆየ መሸኛ "ይታደስ" ይባላል።

እዚህ ላይ ሆዴ ውስጥ ያለውን ልናገር። ይሄ ሁሉ የሚደርሰው አንድ መሥሪያ ቤት ለሌላው መሥሪያ ቤት የሚጽፈውን ደብዳቤ እኛ ተሸክመን ስለምንዞር ነው። ከዚያ ደግሞ ተቀባዩ ደብዳቤውን ያይና "ትክክለኛነቱ ይጣራ" ብሎ ሌላ ደብዳቤ ይጽፋል። ይሄንንም አንዳንዴ ለእናንተ ይሰጣችኋል። ማለትም ይዛችሁ የመጣችሁት ወረቀት እውነተኛ መሆኑን የሚጠይቀውን ወረቀት፣ እናንተው ይዛችሁ ትሄዳላችሁ! አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ መልሱንም ራሱ ጽፎት ይመጣ ነበር። የቀበሌ ሠራተኞቹን አልወቅስም። እነሱም የተሰጣቸው መዝገብ ከቀበሌው አጥር አይወጣም። መዝገቦቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ብቻ ነው ይሄ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ የሚቆመው። እስከዚያው ግን ደብዳቤ የሰጣችሁን ቢሮ የስልክ ቁጥር ጠይቁ። ደብዳቤው ግርጌ ላይ ይጻፍ። መስመር ስልክ ካለ የሚያጣራው ሰው ደውሎ ሊጨርስላችሁ ይችላል።

ድሬ ስትደርሱ ቀበሌው የሚጠይቃችሁ የቤት ቁጥር ነው። ተከራይ የቤት ቁጥር የለውም፤ አከራዩ ነው ያለው። አከራዩ ደግሞ ቀበሌ ሄዶ "አዎ፣ እኔ ቤት ነው የሚኖሩት" ማለት አይወድም። ግብር ይመጣብኛል፣ ነገ ቤቴን አይለቁም ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ይሄን ነገር ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ። "ጋሼ፣ ቀበሌ ያስመዘግቡኛል?" በሉ። ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ካለ ሌላ ቤት እዩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 እዚህ ላይ ያግዛችኋል። የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም። የተመዘገበ ውል የያዘ ሰው አከራዩን መለማመጥ አይጠበቅበትም። ውሉ ራሱ ይናገርለታል።

ሰዓቱንም ልንገራችሁ። ጠዋት ሂዱ። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ እጨርሳለሁ ያለ ሰው ከሙቀቱም ከበርጫውም ጋር መታገል አለበት። አቦ፣ አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

ከሐረር የምትመላለሱትን ልጥቀስ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ስላልተመቸው ከታች ቀረ። ከተማዋም መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር የተባለችው። ዛሬ በደንገጎ በኩል ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መንገድ ላይ የኦሮሚያን መሬት አቋርጣችሁ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ትገባላችሁ። ጠዋት ከጁገል ተነሥቶ ከዚራ ቢሮ የሚገባ ሰው አለ። "መሸኛ ላምጣ ወይ?" ይለኛል። ማታ የምታድረው የት ነው? ሐረር። እንግዲያው አትንካው። ግብርህና ጡረታህ በአሠሪህ በኩል ይሄዳል። ነዋሪነትህ ግን የሚከተለው አልጋህን ነው። ያለ ቦታው መታወቂያ ለማውጣት የሚደክሙ ሰዎች የማያስፈልግ ጣጣ በገዛ እጃቸው ይገዛሉ።

የቋንቋውንም ነገር አስቡበት። የድሬዳዋ አስተዳደር የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ከሐረማያ ወይ ከጭሮ የመጣ ሰው ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከጅግጅጋ የመጣው በሶማሊኛ። ሐረሪ ክልል በሐረሪና በአፋን ኦሮሞ ይሠራል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ሦስቱንም ቋንቋ ትናገር ይሆናል፤ የድሬ ልጅ ናትና። ደብዳቤውን በቃሏ አንብባ ትስቅላችኋለች። ፋይሉ ውስጥ ለማስገባት ግን ትርጉም ትጠይቃችኋለች። ፋይሉን ነገ የሚያየው ሌላ ሰው ስለሆነ እኔ አልፈርድባትም። የምትችሉ ከሆነ እዚያው ሳላችሁ ደብዳቤው በሁለት ቋንቋ ይጻፍልኝ በሉ። ካልሆነ ፈቃድ ካለው ተርጓሚ አስተርጉሙ፤ ዋናውንና ትርጉሙን አንድ ላይ ያዙ።

የልጆች ትምህርት ቤት የራሱ መሸኛ አለው። ከሪፖርት ካርዱ ጋር ሐምሌ ላይ ጨርሱት። ነሐሴ ላይ ርዕሰ መምህሩን ፍለጋ አትዙሩ።

ጥያቄ ካላችሁ።

(አንዲት እህት፦ "እኔ ሁሉንም ሳልይዝ ነው የመጣሁት። አሁን ከየት ልጀምር?")

ከመልቀቂያሽ ቀን ጀምሪ፣ እህቴ። ስድስት ወር አልሞላሽም? እንግዲያው ቀሪ ክፍያ ካለሽ እሱ ይቅደም፤ ጊዜው የሚያልፍበት እሱ ነው። ከዚያ የሥራ ልምዱን። ደብዳቤውን ራስሽ ረቂቅ አድርገሽ ጻፊው። ስምሽን በፋይዳው መሠረት፣ የሥራ መደብሽን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ደመወዙን፣ ግብሩን። በቴሌግራም ላኪላቸው። የተዘጋጀ ነገር ማኅተም አድርጉልኝ ማለት ጻፉልኝ ከማለት ይፈጥናል። እዚያ የቀረች የሥራ ባልደረባ ካለችሽ እሷ ተቀብላ በሹፌር ትልካለች። ቀበሌው ግን በአካል ወይ በውክልና ይጠይቅሽ ይሆናል። እሱን ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስትሄጂ ጨርሺው። ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ሂጂ እንጂ ዋዜማው ላይ ማንም አያናግርሽም።

(አንድ ወጣት፦ "የሠራሁበት ድርጅት ተዘግቷል። ባለቤቱም አገር ውስጥ የለም። የሥራ ልምድ ማን ይጽፍልኛል?")

ይሄ ከባዱ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፍልህ ላይኖር ይችላል። ግን ሥራህ አሻራ ትቷል። ጡረታ ሲገባልህ ከነበረ፣ በየትኛው ድርጅት ስም ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደገባልህ የጡረታ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ያሳያል። ደመወዝህንም ከዚያው መገመት ይቻላል። የሥራ ግብሩ በቲንህ ገብቶ ከሆነ የገቢዎች ቢሮ ያውቀዋል። ደመወዝህ በባንክ ይገባ ነበር? እንግዲያው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያለውን ስቴትመንት አስወጣ፤ ማኅተም ይደረግበት። የቅጥር ደብዳቤህ አለህ? እሱንም ጨምር። አራቱን አንድ ላይ አድርገህ ለቀጣሪው በማመልከቻ አቅርብ፤ ድርጅቱ መዘጋቱንም ጻፍለት። ሁሉም ቀጣሪ ይቀበላል አልልህም። የተቀበሉ አሉ፤ እኔም ተቀብያለሁ። ባንኩን ግን አስቀድመው። አሁን ተነሥተህ ብትሄድ ሳይዘጉ ትደርሳለህ።